በጣና ዳር ወፍ በብዛት ቢሞት ለማን እንናገራለን? ጥያቄውና የተሰጡት ምላሾች

መክፈቻ

ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ ከሰሜን የሚመጡት፣ ግራጫ ክሬኖች የተባሉት ባለ ረጅም እግር ወፎች በጭምባ ረግረግና ከዘጌ እስከ ቁንዝላ ባለው የጣና ዳርቻ በሚሰማሩበት ወቅት፣ አንድ ማለዳ በመቶ የሚቆጠሩ ወፎች ሞተው ቢገኙ የዳርቻው ነዋሪ በመጀመሪያው ቀን ምን ያደርጋል? ለማን ይናገራል? ከተናገረ በኋላስ ዶሮው፣ ዓሣውና ጀልባው ምን ይሆናሉ? የጠየቅሁት ይህንን ነው።

ጥያቄው ከሜዳ የተነሣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ በእስራኤል ሁላ ሸለቆ 8,000 ያህል ክሬኖች ኤች5ኤን1 በተባለው የወፍ ጉንፋን ቫይረስ አልቀዋል። ሁላ ከሰሜን አውሮፓ ተነሥተው ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የሚወርዱ ክሬኖች የሚያርፉበት ሰፊ ስፍራ ነው፤ በኢስቶኒያ መከታተያ መሣሪያ የታሰረላቸው ክሬኖችም ኢትዮጵያ ድረስ መጥተው የብርዱን ወራት እንዳሳለፉ ታውቋል። በዚያው ዓመት መጀመሪያ በሴኔጋል የጁጅ የወፎች ፓርክ ውስጥ 750 ያህል ፔሊካኖች ሞተው በመገኘታቸው ፓርኩ ለጎብኚዎች ተዘግቶ ነበር። ከ2022 መገባደጃ ጀምሮ በፔሩ የባሕር ዳርቻ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የባሕር ወፎችና በሺዎች የሚቆጠሩ የባሕር አንበሶች ሞተዋል። በ2023 ደግሞ በሰሜን ኖርዌይ ቫድሶ በተባለችው ትንሽ የወደብ ከተማ ከ10,000 በላይ የወፍ በድን ተሰብስቧል።

እኔ የማምነው፣ በእነዚህ ቦታዎች ሁሉ የዳርቻውን ሕዝብ የጎዳው ቫይረሱ ብቻ እንዳልሆነ ነው። ወሬው ገበያውን ይዘጋል፤ ክልከላው ጀልባውን ያስራል፤ ኪሳራውን የፈራ ሰው ደግሞ ያየውን ይደብቃል፤ በሽታውም በዚያ ዝምታ ውስጥ ይሰፋል። ስለዚህ ማን ምን እንደሚያደርግ መስማማት ያለብን ወፍ ሳይሞት ነው። ምላሾቹ ብዙ ስለሆኑና ስለተደበላለቁ፣ ዘግይቶ ለሚመጣ አንባቢ እንዲመች የእያንዳንዱን ሐሳብ በራሴ ቃል እየተረክሁ፣ የምስማማበትንና የማልስማማበትንም እየተናገርሁ ከዚህ በታች አቀርባለሁ።

ምላሽ 1

የመጀመሪያው ጸሐፊ በዘጌ ጀልባ የሚነዳ ሰው ነው። በትሕትና አመስግኖ የጀመረ ሲሆን፣ የሞተ ወፍ ማየት ለእነርሱ አዲስ ነገር እንዳልሆነ ገልጿል። አንዱ መረብ ይይዘዋል፤ አንዱ መንጠቆ ይውጣል፤ አንዱ ደግሞ በአትክልት ማሳ ላይ በተረጨ መድኃኒት ይመረዛል። በየበድኑ ከጮኽን የሚሰማን አይኖርም የሚለው ይህ ሰው፣ ስንት ወፍ ሲሞት ነው ብዙ የሚባለው ሲል ጠይቋል። በዚህ ውይይት ከተነሡት ጥያቄዎች ሁሉ የሚበልጠው ይህ ይመስለኛል።

ምላሽ 2

ከመርዓዊ የጻፈና የእንቁላል ዶሮ የሚያረባ ሰው ነገሩን ባጭሩ ሊቋጨው ፈልጓል። ዶሮን በአንድ ሌሊት የሚጨርሰው ፈንግል ነው፤ አያቶቻችን ያውቁታል፤ ክትባቱም ቢሾፍቱ ይመረታል፤ ስለዚህ አዲስ ስም እያመጣችሁ አርቢውን አታስፈራሩ ይላል። ድምፁ ቁጣ ባይኖረውም መሰላቸት ይሰማበታል፤ እንዲህ የሚያስብ ሰው ብዙ ስለሆነ መልሱ በሰፊው ሊተረክ ይገባል።

ምላሽ 3

በአንድ ወረዳ የእንስሳት ጤና ባለሙያ የሆነች ሴት ለሁለቱም በአንድነት መልሳለች። የመርዓዊውን አርቢ ወንድሜ እያለች፣ ፈንግልና የወፍ ጉንፋን በዓይን እንደማይለዩ አስረድታለች። በሁለቱም ዶሮ በድንገት ይሞታል፤ አንገት ይጠማዘዛል፤ ኩክኔው ይጠቁራል፤ ተቅማጡ አረንጓዴ ይሆናል። የሚለያቸው ከጉሮሮና ከፊንጢጣ የሚወሰድ ናሙና በላቦራቶሪ ሲመረመር ብቻ ነው። የፈንግል ክትባትም ከፈንግል እንጂ ከወፍ ጉንፋን አይከላከልም። በደንብ የተከተቡ ዶሮዎች በጅምላ ከሞቱ፣ ክትባቱ አልሠራም ብሎ መተው ሳይሆን ያኔ ነው ይበልጥ መጠራጠር የሚያስፈልገው።

ከዚያም ስለ ጊዜው ያነሣችው ነገር ለእኔ አዲስ እውቀት ነበር። በእርሷ ልምድ ፈንግል ብዙ ጊዜ የሚበረታው ዝናቡ ሊገባ ሲል ነው፤ እንግዶቹ ወፎች ግን ከኅዳር እስከ የካቲት ነው በብዛት እዚህ የሚገኙት። በታኅሣሥ ወይም በጥር የውኃ ወፎችና የቤት ዶሮዎች በአንድ ሰሞን መሞት ከጀመሩ፣ ጊዜው ራሱ ጥርጣሬን ያስነሣል፤ ማረጋገጫ ግን አይሆንም።

ለዘጌው ጀልባ ነጂ የመለሰችው ደግሞ ቁጥሩ ብቻውን እንደማይበቃ ነው። መረብ አጠገብ የተገኘ አንድ ፔሊካን ብዙ ላይናገር ይችላል። በአንድ ስፍራ በጥቂት ቀናት ውስጥ የተለያየ ዓይነት የውኃ ወፍ መሞቱ፣ በሕይወት ያሉትም መብረር አቅቷቸው አንገታቸውን እያጠማዘዙ መዞራቸው ግን፣ ቁጥራቸው አምስት እንኳ ቢሆን፣ በዚያው ቀን ሊነገር ይገባዋል። እኔ በዚህ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ።

ምላሽ 4፣ 5 እና 6

አራተኛው ጸሐፊ ይህ ሁሉ የብርድ አገር በሽታ ነው፤ የእኛ ፀሐይ ቫይረሱን ትገድለዋለች የሚል እምነቱን በእርግጠኝነት አስፍሯል። አምስተኛው፣ በትምህርቱ የባዮሎጂ ሰው መሆኑን የገለጸ ወጣት፣ ግማሹ እውነት መሆኑን ተቀብሎ አርሞታል። ቫይረሱ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል፤ ሙቀትና ፀሐይ ሲበዛበት ዕድሜው ያጥራል። ይሁን እንጂ የታመመ ወፍ ቫይረሱን በአካሉ ይዞ ስለሚዞርና በኩሱ ዘወትር ትኩስ ቫይረስ ስለሚጥል፣ ፀሐይ ብቻዋን አታድነንም። ሴኔጋል ሞቃት አገር ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2006 በአፍሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ በሽታው የተረጋገጠባት ናይጄሪያም ሞቃት ናት። በዚያው ዓመት ጎረቤቶቻችን ሱዳንና ጅቡቲም በሽታው እንደገባባቸው አስታውቀዋል።

ስድስተኛው ነገሩን ወደ ዓባይ ወሰደው። ግብፅ ለዓመታት በዚህ በሽታ ስትታመስ ኖራለችና ወንዙ ያገናኘን ይሆን ብሎ ጠይቋል። ሌሎች ሊያላግጡበት ሲጀምሩ አምስተኛው ጸሐፊ ተመልሶ በጨዋነት አስረዳው። ወንዙ ከእኛ ወደ እነርሱ ነው የሚወርደው፤ በሽታው የሚጓዘውም በወፎች በረራና በዶሮ ንግድ ነው። በግብፅ ከ2006 ወዲህ ከ350 በላይ ሰዎች ታመው 120 ያህሉ ሞተዋል፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ በግቢያቸው ዶሮ የሚያረቡና ቤታቸው ውስጥ የሚያርዱ ቤተሰቦች፣ በተለይም ሴቶችና ልጆች ነበሩ። ይህን ሳነብ የእኛ ጓዳ ነው የታየኝ። ዶሮዋን የሚመግበው፣ በፈላ ውኃ ነክሮ ላባ የሚነጨውና የሚበልተው ማን እንደሆነ በጎጃም ለሚኖር ሰው መንገር አያስፈልግም።

ምላሽ 7

ከቡሬ የጻፉ አንድ አዛውንት የቀረበውን ሁሉ በትዕግሥት እንዳነበቡ ገልጸው፣ የ1998 ዓ.ም. ትዝታቸውን በሰፊው ተርከዋል። በዚያን ዓመት የወፍ ጉንፋን አፍሪካ ገባ የሚለው ዜና በሬዲዮ ሲነገር፣ በአገራችን በሽታው መገኘቱ ሳይረጋገጥ የዶሮና የእንቁላል ገዢ ጠፋ። እርሳቸው ያን ጊዜ ዶሮ ከገጠር እየሰበሰቡ ወደ ከተማ ይልኩ ነበርና፣ የጫኑትን ዶሮ መልሰው ለማውረድ ተገድደዋል። ከነጋዴው ይልቅ የተጎዱት ግን፣ ለልጆቻቸው ደብተርና ለቤታቸው ጨውና በርበሬ የሚገዙት ከእንቁላል በሚያገኙት ገንዘብ ብቻ የነበሩ የገጠር እናቶች እንደሆኑ ጽፈዋል። በመሆኑም ባልመጣ በሽታ ሕዝብን ማሸበር ከበሽታው እኩል ነው የሚል ብርቱ አቋም ይዘዋል።

ምላሽ 8 እና 9

በባሕር ዳር እንቁላል የምትነግድ ሴት ጋሼ ያሉት እውነት ነው ብላ ደግፋቸዋለች፤ ወሬ በተነሣ ቁጥር ደንበኛ የሚጠይቀው የእንቁላሉን ጤንነት ሳይሆን የመጣበትን አካባቢ እንደሆነም ጨምራለች። ከሐይቁ ዳር መጣ የሚል ቃል ብቻ ገበያ ሊያሳጣ እንደሚችል ትሰጋለች።

ከዚህ በኋላ ነው ቃሉ የተካረረው። ዘጠነኛው ጸሐፊ ለአዛውንቱ ዕድሜ ተገቢውን ክብር ሳይሰጥ፣ እንግዲያው ዝም እንበልና ሰው ይሙት ማለትዎ ነው ሲል ጠይቋል። እ.ኤ.አ. ከ2003 ወዲህ በዓለም በዚህ ቫይረስ መያዛቸው የተረጋገጠ ሰዎች ከ900 በላይ እንደሆኑና ግማሽ ያህሉ እንደሞቱ በመጥቀስ፣ ለገበያ ሲባል መረጃ የሚደብቅ ሰው ወንጀለኛ ነው ብሏል። ቁጥሩ ትክክል ነው። ነገር ግን ከሰው ወደ ሰው በቀጣይነት ሲተላለፍ አለመታየቱን ሳይጨምር ቁጥሩን ብቻ መወርወሩ፣ አዛውንቱ የፈሩትን ሽብር ራሱ የሚፈጥር በመሆኑ ተገቢ አልመሰለኝም። አነጋገሩም ከባህላችን የራቀ ነበር።

ምላሽ 10

አዛውንቱ ሳይቆጡ መልሰዋል። ዝም በሉ አላልሁም ብለው፣ የሚናገረው ሰው የሚያውቅ ይሁን፣ የሚነገረውም የተመረመረ ይሁን ነው ያልሁት ሲሉ አብራርተዋል። በ1998 ዓ.ም. ዜናው የመጣው ከሬዲዮ እንደሆነና በቀበሌያቸው መጥቶ ምን እንብላ፣ ምን እንተው ለሚለው ጥያቄ መልስ የሰጠ አንድም ባለሙያ እንዳልነበረ አስታውሰዋል። የእኔና የእርሳቸው ሐሳብ የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው፤ የሚጎዳው እውነቱ ሳይሆን እውነቱን ለመናገር የተዘጋጀ ሰው አለመኖሩ ነው።

ምላሽ 11፣ 12 እና 13

ጎብኚዎችን ወደ ወፎች መገኛ የሚመራ አንድ ወጣት በሌሎች ዳርቻዎች የሆነውን ዘርዝሯል። በሰሜን እንግሊዝ የፋርን ደሴቶች ከ2022 ክረምት ጀምሮ ሰው እንዳይወርድባቸው ተከልክሎ እስከ 2024 መጀመሪያ ቆይቷል፤ ኑሯቸው ጎብኚ በማመላለስ ላይ የተመሠረተ የሲሃውስስ ጀልበኞች በዚያ ሁሉ ጊዜ ደሴቶቹን ከሩቅ ብቻ ሲያሳዩ ነበር። በስኮትላንድ ባስ ሮክ በተባለው ዐለት ላይ እ.ኤ.አ. በ2014 ከ75,000 በላይ የነበረው፣ ጋኔት የተባለው ትልቅ የባሕር ወፍ ጎጆ በ2023 ወደ 52,000 ወርዷል፤ ከበሽታው የተረፉት አንዳንዶቹም ሰማያዊ የነበረው ዓይናቸው ጠቁሯል። በሉዊስ ደሴት የኔስ ሰዎች በየዓመቱ ወደ ሱላ ስጌር ደሴት በጀልባ እየሄዱ የጋኔት ጫጩት የሚያድኑበት ለዘመናት የቆየ ልማድ ከ2022 እስከ 2024 ተቋርጦ፣ በ2025 ሲመለስ ቀድሞ 2,000 የነበረው የሚፈቀድላቸው ቁጥር 500 ብቻ ሆኗል።

የዘጌው ጀልባ ነጂ ይህን አንብቦ፣ በእኛ ዘንድ ጎብኚው በዋናነት የሚመጣው ለገዳማቱ እንጂ ለወፍ ብቻ አይደለም ሲል ልዩነቱን አሳይቷል። ቢሆንም በሽታ የሚል ቃል የሰማ እንግዳ ገዳምና ረግረግ ለይቶ አይሰርዝም፤ ለዚህም ነው የትኛው ዳርቻ እንደተዘጋና የትኛው ክፍት እንደሆነ በስም ተለይቶ መነገር ያለበት ብሏል።

አሥራ ሦስተኛው ስለ ጋኔቱ አደን ተገርሞ፣ በጎጃም ዝይና ዳክዬ እምብዛም ስለማይበላ እኛ ከዚህ ነጻ ነን ብሏል። በከፊል ልክ ነው፤ የዱር የውኃ ወፍ አርዶ መብላት በእኛ ዘንድ ዋነኛ መተላለፊያ መንገድ ሊሆን አይችልም። የእኛ መንገድ ዶሮዎቻችን ዝዮቹ ከሚውሉበት ኩሬ መጠጣታቸውና በአንድ ማሳ አብረው መጫራቸው፣ ልጆቻችንም የወደቀ ወፍ አንሥተው ወደ ቤት መምጣታቸው ነው። ስለ ፔሩም እዚሁ ላይ ተነሥቶ ነበር። በዚያ ከሞቱት ወፎች ብዙዎቹ ኩሳቸው ጓኖ ተብሎ ለማዳበሪያነት የሚሰበሰብ ወፎች በመሆናቸው፣ ሞታቸው ለገበሬውም ተርፏል። ማዳበሪያ የሚለው ቃል ሲነሣ ግን ስለ ዩሪያ ዋጋ ረጅም ምሬት ተከተለ፤ ምሬቱ እውነት ቢሆንም ከጉዳያችን ውጭ ስለሆነ አልፌዋለሁ።

ምላሽ 14 እስከ 16

በድኑን ምን እናድርገው የሚለው ጥያቄ ሁለት ወገን ፈጠረ። አንደኛው ወገን ማንም አይንካው፤ መንካት ነው የሚያሲዘው አለ። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ከተተወ ውሻና ጅብ ይጎትተዋል፤ አባ ኮዳና ጥንብ አንሳ ይበሉታል፤ ስለዚህ ወዲያው ይቀበር አለ። አሥራ ስድስተኛው ጸሐፊ ሁለቱንም በማስረጃ ለማስታረቅ ሞክሯል። በኔዘርላንድስ በ2022 ከ8,000 በላይ የባሕር ዳር ወፎች ጎጇቸው ላይ ሲሞቱ፣ በድኑ ቶሎ ቶሎ በተነሣባቸው ስፍራዎች ሞቱ ያነሰ ሆኖ ታይቷል። በአሜሪካ በ2023 እጅግ ብርቅ ከሆኑት የካሊፎርኒያ ኮንዶሮች ከ20 በላይ የሚሆኑት በዚሁ ቫይረስ ሞተዋል፤ ኮንዶር ደግሞ ጥንብ የሚበላ ወፍ ነው።

ይህ እኛን በቀጥታ ይመለከተናል። በአገራችን ከሚገኙት የጥንብ አንሳ ዓይነቶች አንዳንዶቹ ከምድር ለመጥፋት በቋፍ ላይ ናቸው ከሚባሉት ውስጥ ናቸው፤ የሞተ ክሬን ሜዳ ላይ መተው እነርሱን መመረዝ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በድኑ መነሣት አለበት፤ የሚያነሣው ግን ጓንትና ማስክ ያደረገ፣ ናሙና ከተወሰደ በኋላ ከውኃው ርቆ በጥልቅ ጉድጓድ የሚቀብር የሠለጠነ ሰው ነው። ልጆችን ልኮ ማስለቀም ፈጽሞ አይገባም።

ምላሽ 17 እና 18

እዚህ ላይ አንድ የተቆጣ ሰው ገብቶ ጥፋቱን ሁሉ በዳርቻው ገበሬ ላይ ጫነ። ባሕር ሸሹን መሬት እስከ ውኃው ጫፍ አርሳችሁ፣ ደንገሉን ጨርሳችሁ፣ ወፎቹን በአንዲት ቁራሽ ረግረግ ላይ አጨናንቃችኋል፤ በሽታ ቢመጣ የእጃችሁ ነው የሚል ይዘት ነበረው።

ከአቸፈር የጻፈው ገበሬ መልስ በጣም የተጎዳ ሰው መልስ ነው። ክሬኖቹ በመንጋ ወርደው ሽምብራውንና ጓያውን ሲለቅሙበት እንደሚውሉ፣ ልጆቹ ከትምህርት ቀርተው ወፍ ሲጠብቁ እንደሚከርሙ፣ ይህን ኪሳራ ቆጥሮ የጠየቀው አንድም ሰው እንደሌለ ጽፏል። ወፉን እኔ እየመገብሁት ስሙን ሌላው ይወስዳል፤ ሲሞት ደግሞ ጥፋተኛው እኔ እሆናለሁ የሚል ነበር የምሬቱ ፍሬ ነገር። በዚህ ክርክር ልቤ ከገበሬው ጋር ነው። የመጨናነቁ ጉዳይ ግን በራሱ እውነት ስለሆነ ከቁጣው ተለይቶ ሊታይ ይገባል። በሁላ ክሬኖቹ ማሳ እንዳያበላሹ በቆሎ እየተበተነላቸው በአሥር ሺዎች በአንድ ቦታ ይሰበሰቡ ነበር፤ በሽታው ሲገባ በፍጥነት የተዛመተውም በዚያ መጠጋጋት ምክንያት ጭምር ነው። ረግረጉ በጠበበ ቁጥር ወፉ ይጠጋጋል፤ ወደ ማሳና ወደ ዶሮ ግቢም ይቀርባል። ረግረግን መጠበቅ ለገበሬውም ለዶሮውም የሚጠቅም ሥራ ነው፤ ወጪውን ግን ገበሬው ብቻውን እንዲሸከም መጠየቅ ግፍ ነው።

ምላሽ 19 እስከ 22

አሥራ ዘጠነኛው እምቦጭን አነሣ፤ ሌሎችም ተከተሉት። ጉዳዩ ታላቅ ቢሆንም ራሱን የቻለ ውይይት ይፈልጋል።

ሃያኛው ጥያቄ አጭርና ጠቃሚ ነበር፤ ዓሣ መብላት እናቁም ወይ የሚል ነው። የእንስሳት ጤና ባለሙያዋ በሽታው የዓሣ በሽታ እንዳልሆነ፣ በሚገባ የበሰለ ቆሮሶም ሆነ አምባዛ እንደማያሰጋ መልሳለች። ዶሮና እንቁላልም እስከ ውስጡ በ70 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲበስል ቫይረሱ ይሞታል። አደጋው ያለው በምግቡ ሳይሆን የታመመች ዶሮ ስትያዝ፣ ስትታረድና ላባዋ ሲነጭ ነው፤ ስለዚህ የታመመች ዶሮ ቶሎ አርዶ መብላት የሚለው የቆየ ልማድ መቆም አለበት።

ሃያ አንደኛው ጸሐፊ ላምም ይይዛታል ሲባል ሰማሁ ብሎ ጠየቀ፤ ብዙዎችም አላመኑትም። ነገሩ ግን እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 በአሜሪካ ቫይረሱ በወተት ላሞች ላይ ተገኝቷል፤ ጥሬ ወተት የጠጡ ድመቶችም ሞተዋል። ወተትን ማፍላት ቫይረሱን ይገድላል። ጥሬ ወተት መጠጣት በሌሎችም በሽታዎች ምክንያት የሚያሰጋ በመሆኑ፣ ይህን ምክር የወፍ ጉንፋን እስኪመጣ ሳንጠብቅ ብንይዘው መልካም ነው።

ምላሽ 23 እና 24

እንቁላል ነጋዴዋ ተመልሳ ሁሉም ሲዞረው የነበረውን ጥያቄ ፊት ለፊት አቀረበችው። ዶሮዬ ታማለች ብዬ ብናገርና መንደሩ ውስጥ ያሉት ዶሮዎች ሁሉ ይወገዱ ቢባል፣ ገንዘቡን ማን ይከፍላል? ቄብ በብድር ገዝታ ያሳደገች ጎረቤቴስ የእኔን ቃል ይቅር ትለኛለች? በማለት ጠይቃለች። ከዚህ በኋላ በሹማምንት ላይ የተጻፉ ሻካራ ቃላት ተከትለዋል፤ አልደግማቸውም።

ሃያ አራተኛው ጸሐፊ ናይጄሪያ እ.ኤ.አ. በ2006 ዶሮዎቻቸው ለተወገዱባቸው አርቢዎች ካሳ መክፈሏን ጠቅሶ፣ ካሳ የሌለበት የማስወገድ ትእዛዝ አርቢውን የታመመ ዶሮ በሌሊት ጭኖ ወደ ሩቅ ገበያ እንዲወስድ እንደሚገፋው ተከራክሯል። ክርክሩ አጥጋቢ ነው። ቫይረሱን ከዳንግላ ወደ እንጅባራ፣ ከዚያም ወደ ደብረ ማርቆስ የሚያደርሰው ክሬን ሳይሆን በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ የተጫነ የዶሮ ቅርጫት ሊሆን ይችላል።

ምላሽ 25 እስከ 27

የመጨረሻዎቹ ምላሾች ወደ ሥራ የተጠጉ ናቸው። ከቁንዝላ የጻፈ ዓሣ አስጋሪ፣ እርሱና ባልደረቦቹ ማለዳ መረብ ሊያነሡ ሲወጡ ዳርቻውን ከማንም በፊት ስለሚያዩት፣ ከኅዳር ጀምሮ ያዩትን ለመመዝገብ ፈቃደኛ መሆናቸውን ገልጿል። ሆኖም ሌሊት ጅብና ውሻ በድኑን ስለሚወስደው፣ ናሙና የሚወስደው ሰው በዚያው ቀን ካልደረሰ ልፋታቸው ከንቱ እንደሚሆን አሳስቧል። መንገድ በሚዘጋበት ሰሞንስ ምን ይደረጋል የሚለውን ስጋቱንም አልሸሸገም።

ባለሙያዋ የሰጠችው መልስ ሊያዝ የሚገባው ነው። ያየ ሰው ሳይነካ ከሩቅ ፎቶ ያንሣ፤ ቀኑን፣ የቦታውን ስም፣ የወፉን ዓይነትና ቁጥር ይጻፍ፤ በሕይወት ያሉት የሚያሳዩት ምልክት ካለ ይጨምር፤ ይህንንም በዚያው ቀን ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ወይም ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ያድርስ። መንገድ ቢዘጋ ፎቶው በስልክ ይቅደም። ናሙና በአግባቡ ተወስዶ በበረዶ ሣጥን ከተያዘ ለጥቂት ቀናት ሳይበላሽ ስለሚቆይ፣ መጀመሪያ ወደ ባሕር ዳሩ ላቦራቶሪ፣ ከዚያም ለማረጋገጫ ወደ ሰበታ መላክ ይቻላል። ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ ዶሮ ከግቢ እንዳይወጣ፣ ከሐይቁና ከኩሬው ውኃ እንዳይጠጣ፣ ወደ ዶሮ ቤት የሚገባ ሰውም ጫማ እንዲቀይርና እጁን በሳሙና እንዲታጠብ መክራለች።

በሃያ ሰባተኛው ምላሽ የቡሬው አዛውንት አንድ ነገር ጨምረዋል። ውጤቱ ነጻ ሆኖ ሲገኝ ያም በገበያ ቀንና በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ በግልጽ ይነገር፤ ጥርጣሬው በተወራበት ልክ ነጻነቱም ይወራ ብለዋል። ዘጠነኛው ጸሐፊ በዚህ መስማማቱን ገልጾ፣ ቀደም ሲል ለተናገረው ቃል ጋሼን ይቅርታ ጠይቋል።

የካሳውን ጥያቄ በሚመለከት ግን በሥልጣን ደረጃ መልስ ሊሰጥ የሚችል ሰው እስካሁን አልጻፈም። በክልሉም ሆነ በፌዴራል ደረጃ ለተወገደ ዶሮ የሚከፈል ካሳ ካለ፣ ስንት እንደሆነ፣ በማን በኩልና በስንት ጊዜ ውስጥ እንደሚከፈል የሚያውቅ አንባቢ ከኅዳር በፊት ከምላሽ 23 በታች እንዲጽፍልን እጠይቃለሁ።